ሁለት ዓመት ተምሮ መሻገር፤ የአሜሪካ ጁኒየር ኮሌጆችና የጠቅላላ ዕውቀት ትምህርት ታሪክ

በአሜሪካ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን ልጆች ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በቀጥታ ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አይገቡም። አስቀድመው በሚኖሩበት ከተማ ወዳለው ኮሙኒቲ ኮሌጅ ይገቡና ሁለት ዓመት ያህል የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ታሪክ፣ ሒሳብ፣ ጥቂትም የተፈጥሮ ሳይንስ ተምረው ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራሉ። ይህን ወሬ የሚሰማ የአገር ቤት ዘመድ ግን ነገሩ በቶሎ አይገባውም። «ታዲያ ልጁ ዩኒቨርሲቲ አልገባማ!» ብሎ የሚያዝን አለ፤ «ሁለቱን ዓመት ለምን አባከነው?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። እኛም ራሳችን ይህን ጥናት ከመጀመራችን በፊት ከጠያቂዎቹ ወገን ነበርን።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ፤ ከመቶ ሃያ ዓመት በሚበልጠው ታሪኩም የማን አሳብና የማን ጥቅም እንደ መራው ነው። በተለይ የምንከታተለው አንድ ጥያቄ አለ። አንድ ተማሪ በአንዱ ቤት የተማረውን ትምህርት ይዞ ወደ ሌላው ቤት ሲሄድ፤ የትምህርቱን ዋጋ የሚተምነው ማን ነው? የነዚህ ኮሌጆች ታሪክ በጠቅላላው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚዞር ሆኖ አግኝተነዋል። የአሜሪካን ነገር ስናወራ ዓመቱን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ የአገራችንን ስናነሣ ግን በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

«ሊበራል አርትስ» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር ብለን እንለፍ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰባቱ ጥበባት ይባሉ የነበሩት ሰዋስው፣ ሎጂክ፣ የንግግር ጥበብ፣ የቍጥር ትምህርት፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና የከዋክብት ትምህርት ናቸው። ስሙም ነጻ ለሆነ ሰው የሚገባ ትምህርት ማለት ነው። በኋላ ዘመን ዝርዝሩ ሰፍቶ ቋንቋን፣ ሥነ ጽሑፍን፣ ታሪክን፣ ፍልስፍናን፣ ሒሳብን፣ የተፈጥሮና የኅብረተሰብ ሳይንስን ያዘ፤ ዓላማው ግን አልተለወጠም፤ ሰውን ለአንድ ሙያ ከማሠልጠን በፊት አእምሮውን ማሰናዳት ነው። እኛ ከዚህ በታች የጠቅላላ ዕውቀት ትምህርት እንለዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፤ የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ የተፀነሰው ለተማሪው ታስቦ አለመሆኑ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መሪዎች አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ወደ ጀርመን አገር ጥለው ነበር። በጀርመን ጂምናዚየም የሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲኑን፣ ግሪኩን፣ ሒሳቡንና ታሪኩን በሚገባ ስለሚያስተምር፤ ዩኒቨርሲቲው ከጀማሪ ጋር ሳይታገል በምርምሩ ላይ ለመጽናት ይችላል። ከ1852 ጀምሮ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ታፓንና በ1869 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን የተረከቡት ዊልያም ፎልዌል ይህን በአገራቸው ለማየት ተመኙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ትምህርት ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲወርድ አሳብ አቀረቡ። በአጭሩ ሊቃውንቱ ያሰቡት ጀማሪውን ከደጃቸው ስለ ማራቅ ነበር።

አሳቡን ከቃል ወደ ሥራ የለወጡት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር ናቸው። ስለ እኚህ ሰው ጥቂት ማለት ይገባናል። በ1856 በኦሃዮ ግዛት ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ፤ በአሥር ዓመታቸው ኮሌጅ ገቡ፤ በአሥራ አራት ዓመታቸው ተመረቁ፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላቸው ከዬል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ሙያቸው የሴማውያን ቋንቋዎች፣ ይልቁንም ዕብራይስጥ ነበር። ለዕብራይስጥ ተማሮች የሰዋስው መጻሕፍት አዘጋጅተዋል፤ ትምህርቱን በፖስታ ቤት በኩል በደብዳቤ ሳይቀር አስተምረዋል። ግዕዝ ለምናጠና ሰዎች እኚህ መምህር የሩቅ ዘመድ ያህል ናቸው። ባለጠጋው ጆን ሮክፌለር ገንዘብ ሰጥተው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በኦክቶበር 1892 ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሃርፐር ሆኑ። የአራቱንም ዓመት ትምህርት ለሁለት ከፈሉት፤ ጥቂት ቈይቶ የመጀመሪያው ክፍል ጁኒየር ኮሌጅ፣ ኋለኛው ሲኒየር ኮሌጅ ተባለ። በ1900 ገደማም የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ለፈጸመ ተማሪ «አሶሺዬት» የሚባል ማዕረግ መስጠት ተጀመረ።

ሃርፐር ለዚህ ማዕረግ የሰጡት ምክንያት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ መቀጠል የማይጠቅማቸው ብዙ ተማሮች፤ ያለ ዲግሪ መውጣትን እንደ ውርደት ስለሚቈጥሩት ብቻ ይቀጥላሉ፤ እንግዲህ መውጫው በክብር ቢከፈትላቸው ይሄዳሉ አሉ። ደግሞም አራት ዓመት ለመማር አቅም የሌለው ሰው ሁለት ዓመት ለመማር ይደፍራል አሉ። ስለዚህ በአንዲት የምስክር ወረቀት ውስጥ ሁለት አሳቦች እንደ መንታ ልጆች አብረው ተፀንሰዋል፤ አንደኛው ማስወጫ በር ነው፤ ሁለተኛው ማስገቢያ በር ነው። በኋላ የተነሣው ክርክር ሁሉ ከዚህ የወጣ ይመስለናል።

ከቺካጎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስንሄድ ጆሊየት የምትባል፣ በብረት ፋብሪካዋና በድንጋይ ካባዋ የታወቀች ከተማ እናገኛለን። በ1900 የሕዝቧ ቍጥር ሠላሳ ሺህ አይሞላም ነበር። የከተማይቱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመሩት ስታንሊ ብራውን የሃርፐርን አሳብ የተቀበሉ ሰው ነበሩ። በ1901 ስድስት ተማሮች ሁለተኛ ደረጃውን ከጨረሱ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ሳይሄዱ በዚያው በትምህርት ቤታቸው የኮሌጅ ትምህርት መማር ጀመሩ። በ1902 መጨረሻም የትምህርት ቤቱ ቦርድ ይህ ተጨማሪ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ፈቀደ። ሳይቋረጡ እስከ ዛሬ ከቈዩት የሕዝብ ጁኒየር ኮሌጆች የመጀመሪያው ይህ የጆሊየት ኮሌጅ ነው።

ስድስት ተማሪ ማለት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጥ የሚችል ሕዝብ ነው። ነገሩን ትልቅ ያደረገው የተማሮቹ ብዛት ሳይሆን፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በጆሊየት የተሰጠውን ትምህርት እንደ ራሱ ትምህርት ቈጥሮ መቀበሉ ነው። በዚያን ጊዜ ይህን የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። የነበረው መተማመን ብቻ ነው፤ ሃርፐር ብራውንን ያምናሉ፤ ብራውን መምህሮቻቸውን ያምናሉ፤ በዚህም ምክንያት የብረት ሠራተኛው ልጅ የሁለት ዓመት የቺካጎ ቀለብና የቤት ኪራይ ሳይከፍል ሦስተኛ ዓመት ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለው መተማመን ግን በሰዎቹ ዕድሜ የተወሰነ ነው። ሃርፐር በ1906 ገና በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ሞቱ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ካሊፎርኒያ ይሻገራል፤ በዚያም መተማመኑ በሕግ መተካት ጀመረ። በ1907 አንቶኒ ካሚኔቲ የሚባሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ባቀረቡት ሕግ፤ የካሊፎርኒያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ትምህርት ለማስተማር ተፈቀደላቸው። በበርክሌይ አሌክሲስ ላንግ፣ በስታንፎርድ ዴቪድ ስታር ጆርዳን ይህን ደገፉ፤ ምክንያታቸውም የነታፓን የድሮው ምክንያት ነበር። የፍሬዝኖ ከተማ ሰዎች ምክንያት ግን ሌላ ነው። ፍሬዝኖ በወይንና በዘቢብ የታወቀች የገበሬ ከተማ ናት፤ ከበርክሌይ ሁለት መቶ ማይል የሚጠጋ መንገድ ትርቃለች። የትምህርት ቤቶቹ ዋና ኀላፊ ማክሌን፤ ልጆቻችን በቅርብ የሚማሩበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት የላቸውም ብለው ለከተማው ነገሩ፤ በ1910ም የካሊፎርኒያ የመጀመሪያው ጁኒየር ኮሌጅ በፍሬዝኖ ተከፈተ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሊቃውንቱ ጀማሪውን ለማራቅ ያወጡትን አሳብ፤ ገበሬዎቹ ልጃቸውን ለማቅረብ ተጠቀሙበት። አንዱ ሕግ ሁለቱንም ደስ አሰኘ።

በፍሬዝኖ ከቀረቡት ትምህርቶች መካከል ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ላቲን፣ የዘመኑ ቋንቋዎች፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይገኙ ነበር፤ ከነዚሁም ጋር የሙያ ትምህርት ታክሏል። ለገበሬ ከተማ ላቲን ምን ይሠራል የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚያስተምረውን ነው። ስለዚህ ትንሹ ኮሌጅ የትልቁን የትምህርት ዝርዝር አንድ በአንድ ገለበጠ። በ1920 የተመሠረተው የጁኒየር ኮሌጆች ማኅበርም ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጣው ትርጓሜ፤ ጁኒየር ኮሌጅ ማለት በደረጃው ፍጹም የኮሌጅ የሆነ የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ነው አለ።

ይህ መገልበጥ የሚያስመሰግንም የሚያስወቅስም ገጽ አለው። የሚያስመሰግነው፤ የጠቅላላ ዕውቀት ትምህርት ሊደርስበት ይችላል ተብሎ ባልታሰበ ቦታ ደረሰ፤ የዘቢብ ገበሬ ልጅ የላቲን ግሥ ሲረባ ዋለ። የሚያስወቅሰው፤ ኮሌጁ ለተማሮቹ ምን ይስማማቸዋል ብሎ በራሱ አሳብ ለማሰብ አልቻለም፤ ጥላ እንደ መሆን ያህል ነው፤ ባለ ጥላው ሲንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳል። ቢሆንም ቅሉ ሁለቱን በሚዛን ብናስቀምጥ የመጀመሪያው ይከብድብናል። ሰው የማያውቀውን ትምህርት ይወደው እንደሆነ ለማወቅ አስቀድሞ ሊቀርብለት ይገባልና።

ቍጥራቸው በፍጥነት አደገ። በ1922 ሁለት መቶ ሰባት ጁኒየር ኮሌጆች ነበሩ፤ ከነዚህም የሚበዙት የግል ናቸው፤ ተማሮቻቸውም በጠቅላላው ሃያ ሺህ ያህል ነበሩ። በ1930 ኮሌጆቹ አራት መቶ አርባ፣ ተማሮቹም ሰባ ሺህ ያህል ሆኑ። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ በቺካጎ ከተማ በ1911 በተከፈተው በክሬን ጁኒየር ኮሌጅ ላይ ጥቂት እንቈይ፤ የዚህ ኮሌጅ ዕድል ስለ ጠቅላላው ይናገራልና።

በክሬን የተማሩት በአብዛኛው ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞችና የሠራተኞች ልጆች ነበሩ። በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት አርተር ጎልድበርግ በዚያ ተምረው ወደ ሌላ ከተሻገሩት አንዱ ናቸው። የ1929 የገንዘብ ውድቀት በደረሰ ጊዜ የቺካጎ ከተማ ለአስተማሪዎቹ ደመወዝ መክፈል አቃተው፤ በ1933ም የትምህርት ቦርዱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ክሬንን ዘጋው። ወጪ ሲቈረጥ በመጀመሪያ የሚቈረጠው ድኻው የሚማርበት መሆኑ በቺካጎ ብቻ የታየ አይደለም። ይሁን እንጂ የከተማው ሰው ዝም አላለም፤ ጩኸቱ በረታ፤ በሚከተለው ዓመት በ1934 በአንዱ ፈንታ ሦስት ጁኒየር ኮሌጆች ተከፈቱ። ከሦስቱ አንዱ ዊልሰን ይባል ነበር። በ1936 ከዊልሰን ከተመረቁት መካከል ግዌንዶሊን ብሩክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ወጣት ነበረች። ብሩክስ ወደ ዩኒቨርሲቲ አልተዛወረችም፤ ሁለቱ ዓመት በቃት። በ1950 ግን በግጥም መጽሐፍዋ የፑሊትዘርን ሽልማት ተቀበለች፤ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት እርስዋ ናት። ይህን የምንጠቅሰው ሁለት ዓመት ተምሮ ያልተዛወረ ሁሉ የወደቀ ነው የሚሉትን የቈጠራ ሰዎች ጥቂት ለማሳሰብ ነው።

ኮሌጆቹን የሚመሩት ሰዎች በበኩላቸው ሌላ አሳብ ላይ ነበሩ። በ1931 ስለ ጁኒየር ኮሌጅ ትልቅ መጽሐፍ ያሳተሙት ዋልተር ክሮዝቢ ኢልስና ጓደኞቻቸው፤ አብዛኛው ተማሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለማይቀጥል እዚያው የሚያልቅ፣ ለሥራ የሚያበቃ ትምህርት ይሰጠው ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። የሎስ አንጀለስ ጁኒየር ኮሌጅ በ1929 ሲከፈት ይህን መንገድ በግልጽ ያዘ። አሳቡ ምክንያት የሌለው አይደለም። ዳሩ ግን ተማሮቹ አልተከተሉም፤ ብዙዎቹ በመዛወሪያው ትምህርት መመዝገባቸውን ቀጠሉ። ብሪንትና ካራቤል የሚባሉት ሁለት የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቃውንት በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ትግል በዝርዝር ገልጸዋል፤ እንደ እነርሱ አነጋገር የሙያውን ትምህርት የፈለጉት መሪዎቹ እንጂ ተማሮቹ አልነበሩም፤ መሪዎቹም አሳባቸው የተሳካላቸው ከብዙ ዘመን በኋላ በ1970ዎቹ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁሉ ነገር ተለወጠ። በ1944 በወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ የተመለሱት ወታደሮች በመንግሥት ወጪ እንዲማሩ ተፈቀደላቸው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ሞልተው ፈሰሱ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1946 በጆርጅ ዙክ ሰብሳቢነት ያቋቋሙት ኮሚሲዮን፤ ከአገሩ ሕዝብ ቢያንስ ከመቶ 49 እጅ አሥራ አራት ዓመት ትምህርት ለመፈጸም የሚችል አእምሮ አለው፤ ስለዚህ እስከ አሥራ አራተኛው ዓመት ያለው ትምህርት በነጻ ይሰጥ ብሎ በ1947 ሪፖርቱን አወጣ። «ኮሙኒቲ ኮሌጅ» የሚለው ስም በአገሩ ሁሉ የተሰማው በዚህ ሪፖርት ነው። ታፓን ጀማሪውን ሊያርቁት ፈልገው ነበር፤ ዙክ ደግሞ ጀማሪው ሁሉ ይምጣ አሉ፤ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ መቶ ዓመት አይሞላም።

በር መክፈትና ማሳለፍ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በርተን ክላርክ የሚባሉት ተመራማሪ በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ የነበረውን ጁኒየር ኮሌጅ ካጠኑ በኋላ በ1960 ያወጡት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። አብዛኛው ተማሪ እዛወራለሁ ብሎ ይገባል፤ የሚዛወረው ግን ሲሶው ያህል ብቻ ነው። የቀሩት ለምን አይቈጡም? ክላርክ እንዳሉት ኮሌጁ ሳይታወቅ የሚሠራው አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ማብረድ ነው። በፈተና፣ በአማካሪ፣ በዝቅተኛ ክፍል በመመደብ ተማሪው ቀስ በቀስ «ይህ ለእኔ አይደለም» ወደሚል አሳብ ይደርሳል፤ የከለከለው ሰው የለም፤ ስለዚህ የሚወቅሰውም የለም። ሃርፐር በክብር የምትከፈት መውጫ ያሉት ይህ ነው እንግዲህ። ጽሑፉን ስናነብ የሰዎቹ ትሕትና ራሱ አስፈራን። ተማሪን በግልጽ መጣል ጭካኔ ቢሆንም፤ የተጣለ መሆኑን እንኳ ያውቃል።

በዚሁ በ1960 ካሊፎርኒያ ታላቁን የትምህርት ዕቅድ በሕግ አወጣች። በዚህ ዕቅድ ዩኒቨርሲቲው ከሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች ከመቶ 12 ከግማሽ የሚሆኑትን ምርጦች፣ የግዛቱ ኮሌጆች ሲሶውን ይቀበላሉ፤ ጁኒየር ኮሌጆቹ ግን ለሁሉም ክፍት ይሆናሉ። እስከዚህ ድረስ የምናየው በር የሚያጠብ ሕግ ነው፤ ከዚህ በፊት ሁለቱ ተቋሞች ከዚህ የሚበልጥ እጅ ይቀበሉ ነበርና። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ አንቀጽ አለ፤ በዩኒቨርሲቲውና በግዛቱ ኮሌጆች ከሚማሩት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሮች ከመቶ 60ው በኋለኞቹ ሁለት ዓመታት፣ 40ው በፊተኞቹ ሁለት ዓመታት እንዲሆኑ ተወሰነ። ይህ ማለት በሦስተኛው ዓመት ላይ የሚቀመጥበት ወንበር ለሚዛወረው ተማሪ አስቀድሞ ተጠብቆለታል ማለት ነው። በጆሊየት በሁለት ሰዎች መተማመን የቆመው ነገር በካሊፎርኒያ በመቶኛ ተጻፈ። በእኛ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከወጡት ቃላት ሁሉ ለተማሪው የሚጠቅመው ይህ የቍጥር አንቀጽ ነው፤ ስለ ትምህርት ዕድል የተነገሩት ያማሩ ንግግሮች ግን ወንበር አልጠበቁለትም።

ወንበሩ ቢጠበቅም ትምህርቱ ይቈጠርለታል ወይ የሚለው ጥያቄ አልሞተም። በአሜሪካ ትምህርት የሚለካው በክሬዲት ነው። ተማሪው በኮሌጁ ሥነ ልቡና ወይም የዓለም ታሪክ ተምሮ ሦስት ክሬዲት ያገኛል፤ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ «ይህ ከእኛ ትምህርት ጋር አይመሳሰልም» ካለው፤ ወይም «እንቀበልሃለን፤ ግን ለያዝኸው የትምህርት ክፍል አይቈጠርም» ካለው፤ እንደገና ከፍሎ ይማረዋል። ይህን ለማስቀረት ፍሎሪዳ በ1971 በግዛቱ ያሉትን ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተሳስር ስምምነት አወጣች፤ ቈይቶም ተመሳሳይ ኮርስ በሁሉም ዘንድ አንድ ቍጥር እንዲኖረው አደረገች። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2010፤ ማለት ፍሬዝኖ ከተከፈተ ልክ በመቶኛው ዓመት፤ ለመዛወር የተዘጋጀ ልዩ የአሶሺዬት ዲግሪ በሕግ አቋቋመች። መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ መኖሩ የሚያስገርም ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ ቍጥጥር መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፤ ከ2004 እስከ 2009 ከየትኛውም ኮሌጅ ወደ ሌላው የተዛወሩ ተማሮች በአማካይ ከክሬዲታቸው ከመቶ 43 ያህሉን እንዳጡ ገምቷል። በቅርብ ዓመታት በተደረጉ ቈጠራዎችም በኮሙኒቲ ኮሌጅ ከጀመሩት ሲሶው ያህል ይዛወራል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የአራቱን ዓመት ዲግሪ የሚይዘው ግን ከመቶ 16 ያህል ነው። ክላርክ በ1960 ያዩት ሲሶ እስከ ዛሬ ከቦታው ብዙም አልተንቀሳቀሰም።

እዚህ ላይ ከአርእስታችን ጥቂት ወጣ ብለን የራሳችንን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብናስታውስ አንባቢ ይቅርታ ያደርግልናል። በዋሸራ ቅኔ የተማረ የቆሎ ተማሪ ወደ ጎንጅ ቢሻገር፤ መምህሩ ወረቀት አይጠይቁትም፤ ቅኔህን ንገረን ይሉታል። ያወቀው ዕውቀት በአፉ ላይ ነው፤ ዋጋውም በዚያው በጉባኤው ፊት ይታወቃል። የአሜሪካው ዝውውር ከዚህ የሚለየው፤ መዛኙ የሚመዝነው ሰውየውን ሳይሆን ወረቀቱን በመሆኑ ነው። በእርግጥ በየዓመቱ የሚዛወረውን ስፍር ቍጥር የሌለው ተማሪ ሁሉ ጉባኤ ላይ አቁሞ ማስነገር አይቻልም። ቢሆንም «ይህ አይቈጠርም» የሚል ፍርድ ከመስጠት በፊት ልጁን አንድ ጊዜ መጠየቅ ይከብዳልን?

ከአገራችን ጋር ያለው ግንኙነት ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ መምህር በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ትምህርት ሲጀምር የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበር። በቻርተር ዲግሪ ለመስጠት የተፈቀደለት በ1946 ዓ.ም. ነው፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋምም ከሌሎቹ ኮሌጆች ጋር በአንድነት ተጠቃለለ። በቅርቡም በ2012 ዓ.ም. ለብዙ ዓመት ቀርቶ የነበረው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመልሷል፤ ሎጂክ፣ ሥነ ልቡና፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለልዩ ልዩ ተማሮች በጋራ ይሰጣሉ። መሐንዲስ ለመሆን የመጣው ጓደኛችን አንትሮፖሎጂ ምን ይሠራልኛል ብሎ ሲያጕረመርም የሰማን ሁሉ፤ ፍሬዝኖ ላይ ላቲን ምን ይሠራል ከሚለው ጥያቄ ጋር አንድ መሆኑን እንገነዘባለን።

በዋሽንግተን አጠገብ በሜሪላንድ ግዛት የሚገኘው የሞንትጎመሪ ኮሌጅ በ1946 ሥራውን የጀመረው ከሌላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተዋሰው ክፍል በማታ ትምህርት ነበር፤ ዛሬ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚማሩባቸው ኮሙኒቲ ኮሌጆች አንዱ ነው። ከነዚህም አንዳንዶቹ በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ተምረው የሄዱ ናቸው። እነርሱ ደጃፍ የሚሻገሩት ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ከአገር ቤት ወደ ኮሙኒቲ ኮሌጁ፣ ቀጥሎ ከኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲው። በሁለቱም ደጃፍ የሚጠየቁት ያገኙትን ማርክ ብቻ አይደለም፤ በኮርሱ ውስጥ ምን ምን ምዕራፍ እንደ ተማሩ፣ የትኞቹን መጻሕፍት እንዳነበቡና ስንት ሰዓት እንደ ወሰደ የሚያሳየው ዝርዝር ጭምር ነው። የዓመቱ ፈተና ባለቀ ማግስት የኮርሱን ዝርዝር ወረቀት የሚጥሉ ጓደኞቻችን ብዙ ናቸው፤ ያንን ወረቀት ማስቀመጥ ይሻላቸዋል።